የአማቱን መጋዝ ለአሥራ አንድ የከፈለው ነህምያ

ሆሳዕና ውስጥ ብዙ ነገር ይሞታል። ዕቅድ ይሞታል፤ ፕሮጀክት ይሞታል፤ ሪባን ተቆርጦለት፣ ተጨብጭቦለት የተመረቀ የውኃ ቧንቧ ሳምንት ሳይሞላው ይሞታል። ብረት ግን አይሞትም፤ ነህምያ አይፈቅድለትም።

ነህምያ አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ አንገቱ አጭር፣ ወሬው ረጅም ሰው ነው። ቅንድቡ በግራይንደር ፍንጣሪ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ በቅሏል። መነጽር አድርግ ሲሉት፣ "ታዲያ እግዚአብሔር ቅንድብን ለምን የፈጠረው ይመስላችኋል?" ይላል። ሥነ መለኮቱ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚሠራው ከኸይረዲን እንጨት ቤት ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች፣ ዝናብ ሲመጣ ከደጅ ይልቅ ውስጧ በሚዘንብባት ክፍል ነው። የኸይረዲን አባት ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ቤተሰቡ ከተማዋን በሚስማርና በጣውላ ይቀልባል። የመሰንጠቂያ ማሽኑ መጋዝ ጥርሱ ባለቀ ቁጥር ኸይረዲን በአጥሩ ላይ ይወረውርና፣ "ሬሳህን ውሰድ!" ብሎ ይጮኻል።

ሬሳው ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ክቡ መጋዝ ለሁለት ተከፍሎ መኮትኮቻ ይሆናል። ረጅሙ መጋዝ ቢላዋ፣ የዝንጅብል ማረሚያ፣ የችግኝ መትከያ፣ ለአናጢዎች ደግሞ የጣውላ መፋቂያ ይሆናል። ሱቅ ውስጥ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው መኮትኮቻ የመጀመሪያው ድንጋይ ሲያገኘው እንደ እንግዳ ወገቡን ሰብሮ እጅ ይነሳል፤ የነህምያው ግን ድንጋዩን ይሰብራል። ምስጢሩ ብረቱ ነው። መጋዝ ሲሠራ ጀምሮ እሳትና ውኃ የጠጣ ብረት ነው፤ ሲቆርጡት መጋል የለበትም። ስለዚህ ነህምያ ትንሽ ይሞርዳል፣ ባልዲ ውስጥ ይነክራል፣ ደግሞ ይሞርዳል፣ ደግሞ ይነክራል። "ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካየህ አበቃ፣ ብረቱ ቄጤማ ሆኗል" ይላል። እጀታውን ከወይራ ይጠርበዋል፣ በሚስማር ቁራጭ ይቀረቅረዋል፣ ያገለገለ የሞተር ዘይት ይቀባዋል፤ አለቀ።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ ይስቅበታል! የነህምያ አባት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ታላቅ ወንድሙ የሒሳብ መምህር ነው፤ እሱ ራሱም ከኮሌጅ የተሰጠው ዲፕሎማ አለው፤ የክፍሏን የጣሪያ ቀዳዳ የሸፈነው ያ ዲፕሎማ ነው። "ከእንደዚህ ዓይነት ቤት ወጥቶ ብረት ይቀጠቅጣል?" ይላል አገሩ። ወገኖቼ፣ ይህን የሚለው አገር በማን ማጭድ ነው ሣር የሚያጭደው? በማን ቢላዋ ነው ሥጋ የሚቆርጠው? ከሰማይ የወረደለት ይመስለዋል! ብረት የሚነካውን እጅ እየናቀ፣ ያ እጅ በሠራው ምላጭ ጢሙን ተላጭቶ፣ ለስብከት የሚቀመጥ ሕዝብ ነው።

አንድ ሰው ግን ስቆበት አያውቅም፤ ሚስቱ ገነቴ። ገነቴ የከምባታ ልጅ ናት፣ ከሺንሺቾ። የሀዲያው ነህምያ ከስድስት ዓመት በፊት አግብቶ አመጣት። ቀበሌ ውስጥ መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ ዝምተኛ ናት፤ ዝምታዋ ግን የባዶ ቤት ዝምታ አይደለም። ልጅ ገና አልወለዱም፤ ለዚህ ጉዳይ ሰፈሩ በራሱ ተነሳሽነት ኮሚቴ ስላቋቋመ እኛ አንገባበትም።

ገነቴ ስታገባ ይዛው የመጣችው አንድ ዕቃ ነበር፤ የሟች አባቷ መጋዝ። አባቷ አቶ ላፌቦ በዘመናቸው በሺንሺቾ ዙሪያ ለስንት ጣሪያ፣ ለስንት የቤተ ክርስቲያን ወንበር ጣውላ የሰነጠቁ ሰው ነበሩ። መጋዙ ሁለት ሰው ከዚህና ከዚያ ሆኖ የሚስበው ዓይነት ነው፤ ቁመቱ ከነህምያ ይበልጣል፣ ጥርሱ የጅብ ነው። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሁለት ሚስማር ተንጠልጥሎ ስድስት ዓመት ሙሉ ነህምያን ሲያየው ኖሯል። ነህምያም ያየዋል። መጋዝ ቆርጦ የሚኖር ሰው ከእንደዚያ ያለ ብረት ሥር ስድስት ዓመት ተኝቶ እጁን ሳያነሳ መቆየቱ በራሱ ጽድቅ ነው። ግን ጽድቅ ባለሙያ እስኪመጣ ነው።

ባለሙያው መጣ። ኃይለኢየሱስ ይባላል፤ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ነው። የየትኛው እንደሆነ ራሱም በየስብሰባው ይቀያይረዋል። አንገቱ ላይ ባጅ፣ እጁ ላይ ታብሌት፣ አፉ ውስጥ ሪፖርት ያለበት ወጣት ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ክፍሏ በር ላይ ቆሞ፣ "ጋሼ ነህምያ፣ እርስዎ እኮ የአገር በቀል ቴክኖሎጂ ኢኖቬተር ነዎት!" አለው።

"እኔ ቢላዋ ነው የምሠራው" አለ ነህምያ።

"እሱን ነው የምልዎት። ከአምስት ቀን በኋላ ኤግዚቢሽን አለ። አሥራ አንድ ዓይነት መሣሪያ ካቀረቡ በአንደኛ ደረጃ እንመዘግብዎታለን።"

"ለምን አሥራ አንድ?"

"ፎርሙ ላይ አሥራ አንድ ረድፍ ነው ያለው።"

ፎርሙ ላይ ሃያ ረድፍ ቢኖር ኖሮ የቤቱ ጣሪያም አይተርፍም ነበር። ነህምያ ሬሳዎቹን ሲቆጥር የቀረው አንድ ክብ መጋዝ ብቻ ነበር፣ እሱም የተሰነጠቀ። ኸይረዲን ጋ ሄደ፤ አዲሱ መጋዝ ገና ወር አልሞላውም። ገነቴ በዚያ ሳምንት ለለቅሶ ሺንሺቾ ሄዳለች። ነህምያ ማታ ቤቱ ገብቶ ግድግዳውን አየ። መጋዙም አየው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ክርክር ራሱ ነው ያወራው። "ግድግዳ ላይ ከሚዝግ ሥራ ቢሠራ አይሻልም?" አለ ራሱን። "ይሻላል" አለ ራሱ። "ሟቹስ ቢሆኑ ደስ አይላቸውም?" "እጅግ!" ሙሉ ጉባኤው በአንድ ድምፅ አጸደቀ፤ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለም። ያላገባ ሰው እንኳ የሚያውቀውን አንድ ነገር ግን ረሳ፤ ሚስትን መጠየቅ። በማግሥቱ መጋዙን ለአሥራ አንድ ቆራረጠው። በአሮጌ እጀታዎቹ እሳት አነደደባቸው፤ ሻይ ፈላባቸው።

ኤግዚቢሽኑ ላይ ተጨበጨበለት። ሰርተፍኬት ተሰጠው፤ ስሙ "ነሐምያ" ተብሎ ተጽፏል፤ ይሁን። አሥራ አንዱን መሣሪያ በጆንያ ይዞ፣ ሰርተፍኬቱን በደረቱ አቅፎ ቤቱ ሲደርስ ገነቴ ከለቅሶ ተመልሳ፣ ግድግዳው ፊት ለፊት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። ሁለቱ ሚስማሮች እንደ ሁለት ዓይን ፈጠዋል።

"መጋዙ የት አለ?" አለችው።

ነህምያ ጆንያውን ወለሉ ላይ አራገፈው። "ይኸው! የኃይለኢየሱስ ፎርም አሥራ አንድ ረድፍ ነበረው፤ አሥራ አንድ ሆኖ መጣልሽ! ይሄ የዝንጅብል ማረሚያ፣ ይሄ ቢላዋ፣ ይሄን ደግሞ እዪው፣ የቅርንጫፍ መቁረጫ... እጀታዎቹም አልባከኑ፣ ሻይ ፈላባቸው..."

ገነቴ አንዱን አንስታ አገላበጠችው። መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ገና ያልፈታችውን ሻንጣ አንስታ ወጣች። አልጮኸችም። ጩኸት ቢሆን ነህምያ ይለምደው ነበር፤ ግራይንደር የለመደ ጆሮ ነው።

ሦስት ቀን ደወለ፤ አታነሳም። በአራተኛው ቀን ስልኩን ያነሱት እናቷ ወይዘሮ እታለም ናቸው።

"እናቴ፣ እንደምን አሉ?"

"አለሁ። ልጄ እኔ ጋ ናት።"

"መጋዙ..."

"ሰማሁ። ና፣ እናያለን" ብለው ዘጉ።

ነህምያ ከዚህ ጥሪ የተረዳው አንድ ነገር ነው፤ ተቀያሚዋ አማት ናቸው። መጋዙ የባላቸው ነው፣ ቤቱ የእሳቸው ነው፣ ስልኩን ያነሱት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ይቅር ካሉ ገነቴ ትመለሳለች። መሳላ ደግሞ ወር አልቀረውም። የከምባታ ሴት ያገባ የሀዲያ ሰው መስከረም ላይ ሁለት በዓል ይበላል፤ የራሱን ያሆዴና የሚስቱን መሳላ። ሚስቱ ከሌለች ሁለቱም በዓላት ቡላ የሌለባቸው የጾም ቀናት ናቸው። ግን ሆዱን ብቻ አስቦ ነው ካልን እንዋሻለን። ኸይረዲን እንደሚለው በዚያ ሰሞን ነህምያ አንድ ቢላዋ ሲስል ውሎ ብረቱ መርፌ እስኪሆን አልቋል፤ ባልዲው ውስጥ ሳይነክር፣ ሰማያዊ እስኪሆን።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ ላክ እንጂ!" አለው ኸይረዲን።

"ማንን?"

"እኔ አለሁ። ጋሽ ዳኘ አሉ።"

ጋሽ ዳኘ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ከሚያስታርቁት ጠብ ይልቅ አስታርቀው የበሉት ምሳ ብዛት በከተማው ይነገራል። ሦስተኛው ሽማግሌ ራሱን የሾመው ኃይለኢየሱስ ነው፤ "ለዶክመንቴሽን" አለ፤ ታብሌቱን ይዞ ተገኘ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነው። ሽማግሌ!

ምክክሩ እንጨት ቤቱ ውስጥ፣ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ተካሄደ። "ባዶ እጅ አይኬድም" አሉ ጋሽ ዳኘ። እዚህ ላይ ኃይለኢየሱስ ጣቱን አነሳ። "ሴቶቻችን እንሰት የሚፍቁት በቀርከሃ ነው። ኋላ ቀር ነው። ከሟቹ መጋዝ ዘመናዊ የብረት መፋቂያ ተሠርቶ ለእማማ ቢበረከት፣ አንደኛ ይቅርታ፣ ሁለተኛ የሴቶችን የሥራ ጫና የሚቀንስ ቴክኖሎጂ ነው።"

ነህምያ ዓይኑ በራ። "ስንት ጥርስ ይኑረው?"

"ጥርስ አለው እንዴ?" አለ ኸይረዲን።

"ቢላዋ ነው የሚመስለኝ" አሉ ጋሽ ዳኘ።

"ወደ ላይ ነው የሚፋቀው ወደ ታች?" አለ ነህምያ።

አሁን ይህን ጉባኤ ተመልከቱልኝ! አራት ወንዶች ናቸው። የሀዲያው፣ የጉራጌ ዘር ያለባቸው ኸይረዲንና ጋሽ ዳኘ፣ ሪፖርተኛው። ዕድሜያቸው ተደምሮ አንድ መቶ ሰባ ዓመት ቆጮ በልተዋል። ቆጮ ያሳደገው ጉልበት፣ ቡላ የጠገነው አጥንት! ግን እንሰት ሲፋቅ አንዳቸውም ቀርበው አላዩም፤ ሴቶቹ ለፍቂያ ሲቀመጡ ወንድ ከዚያ ይባረራልና። ገና ልጅ ሳሉ "ሂድ ከዚህ!" ተብለው ተባረሩ፤ እንደተባረሩ አርጅተዋል። ሴቶቹ ከእንሰቱ ኋላ ምን እንደሚያደርጉ ከሚያውቁት ይልቅ የእንግሊዝን ኳስ ተጫዋቾች የልደት ቀን ያውቃሉ። ቢሆንም አገራችን ባለማወቅ የተከለከለ ውሳኔ የለባትም፤ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ነህምያ ከአሥራ አንዱ ቁራጭ አንዱን መልሶ ሞረደው፣ ጠርዙን እንደ ምላጭ ሳለው፣ እጀታ አበጀለት። ኃይለኢየሱስ ፎቶ አነሳው።

በረቡዕ ማለዳ በዱራሜ በኩል ሚኒባስ ይዘው ሺንሺቾ ወረዱ። መፋቂያው በአዲስ ፎጣ ተጠቅልሏል። የቀሩት አሥር መሣሪያዎች በጆንያ ናቸው።

ወይዘሮ እታለም ቤት ሲደርሱ ከጓሮ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ጎረቤቶቻቸው ተሰብስበው ለመሳላ ቡላ የሚሆነውን እንሰት እየፋቁ ነበር። ወይዘሮዋ እጃቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ወጡ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ዓይናቸው እንደ ሞረድ። ጋሽ ዳኘ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ ሰው ልጅ ስህተት፣ ስለ ትዳር ክቡርነት፣ ስለ አዳምም ጭምር ጀመሩ።

"አዳም ስንት መጋዝ ቆረጠ?" አሉ ወይዘሮ እታለም።

ጋሽ ዳኘ አዳምን ተዉት። ነህምያ በጉልበቱ ወርዶ ፎጣውን ፈታ። "እናቴ፣ ከአባታችን መጋዝ የተሠራ ነው። ለእርስዎ። የእንሰት መፋቂያ።"

ወይዘሮዋ ብረቱን አዩ። ነህምያን አዩ። ደግሞ ብረቱን አዩ። "ብረት?" አሉ።

"ዘመናዊ ነው፣ እማማ። ቀርከሃ ኋላ ቀር ነው" አለ ኃይለኢየሱስ።

"አንተ ማን ነህ?"

"ሽማግሌ ነኝ።"

ከእንሰቱ ኋላ አንዲት ሴት አፏን ይዛ ሳቀች። ወይዘሮ እታለም ግን አልሳቁም። "ጥሩ" አሉ። "ሠሪው ሠርቶ ያሳይ። ና፣ ነህምያ፣ ተነሳ። ና ወደ ጓሮ።"

"እኔ? ጓሮ? ሴቶቹ..."

"ሴቶቹ አይበሉህም። ና!"

የሺንሺቾ ሴቶች ያን ቀን ያዩትን እስከ ዛሬ በገበያ ያወሩታል። አንድ የተከበረ ኢኖቬተር፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተሰብስቦ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አንድ እግሩን ሽቅብ አንስቶ፣ የእንሰቱን ልጥ ዘንበል ባለው ጣውላ ላይ በተረከዙ ጨቁኖ፣ ይፍቃል! ሲፍቅ እግሩ ይንሸራተታል፤ እግሩን ሲይዝ እጁ ይስታል። ምላጭ የመሰለው ብረት ልጡን ከመፋቅ ይልቅ ቃጫውን ቆራርጦ ጣለው። "እግርህን አንሳ፣ የሀዲያ ልጅ!" ትላለች አንዷ። "ተዉት፣ ምጥ ላይ ነው!" ትላለች ሌላዋ። ገነቴ እዚያው ከሴቶቹ መካከል ቁጭ ብላ ቀርከሃዋን ይዛ ትፍቃለች፤ ቀና አላለችም። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነህምያ አሥር ጊዜ አያት።

የፋቀውን ለብቻው ጨመቁለት፤ ውኃው ለብቻው በሳፋ ተቀመጠ። ከጎኑ የሴቶቹ ሳፋ ተቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ እታለም ሁለቱንም አዘንብለው ውኃውን ሲደፉት፣ በሴቶቹ ሳፋ ሥር የረጋው ቡላ ወተት ነው። በነህምያ ሳፋ ሥር የረጋው የሚኒባስ ጎማ የተነከረበት ይመስላል።

"ምን ነክቶት ነው?" አለ ነህምያ።

"ብረት ነክቶት ነው" አሉ። "እንሰት ብረት አይወድም። ብረት የነካው ይጠቁራል። ይህን የማያውቅ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ በዚህ መንደር የለችም። የቀርከሃው ኋላ ቀርነት ለዚህ ነው፣ ሽማግሌ!" አሉ ወደ ኃይለኢየሱስ ዞረው። ኃይለኢየሱስ ታብሌቱን ቀስ ብሎ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ።

እዚህ ላይ ማንም ሰው ጥቁሩ ቡላ ለውሻ ይሰጣል ብሎ ያስባል። ወይዘሮ እታለምን አያውቃቸውም። በቅቤና በወተት አስገነፉትና በትልቅ ሳህን ለሽማግሌዎቹና ለአማቻቸው አቀረቡት። በአገራችን እርቅ ያለ ማዕድ አይሆንም፤ ማዕዱም ቀረበ።

"እኔ ዛሬ ጾመኛ ነኝ" አለ ኸይረዲን ፈጥኖ።

"ረመዳን አልፏል እኮ" አሉ ጋሽ ዳኘ።

"ሱና ነው።"

"ሱና ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው!"

"ለነገ ቀደም ብዬ ነው የጀመርኩት።"

ጋሽ ዳኘ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ያልተመኙትን የእርቅ ምሳ ጎረሱ። ነህምያ ግን ሳይነገረው ማንኪያውን አንስቶ በላ። የዛገ ሚስማር የመምጠጥ ያህል ነው። ዝም ብሎ በላ፤ ሁለተኛ ጎረሰ፤ ሳህኑ ሥሩ እስኪታይ በላ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አንዷ ጎመን ለመክተፍ ከጆንያው ውስጥ አንዱን ቢላዋ አውጥታ ሞክራው "ይሄስ ይቆርጣል!" ስትል ሌሎቹም ጆንያውን ዘረገፉት። መኮትኮቻው በሁለት ሴቶች መካከል ተያዘ።

ወይዘሮ እታለም አማቻቸውን አዩት። "በቃህ" አሉ። "ይቅር ብዬሃለሁ። እውነቱን ልንገርህ? ያ መጋዝ የእኔ ጣውንት ነበር። ባሌ ጫካ ሲወርድ ሁለት ሁለት ወር ከእሱ ጋር ያድር ነበር፤ እኔ ጋ ሲመጣ ታሞ ነው። ለልጄ የሰጠኋት ከዓይኔ እንዲርቅ ነው። ብትቆርጠው፣ ብትቀብረው፣ እኔ ምን ገዶኝ!"

ምን ያህል ደስታ እንደሆነ አስቡት! ጋሽ ዳኘ ተነስተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ትዳሩን..." ብለው ምርቃቱን ሲጀምሩ፣ ገነቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች።

"ለእኔስ ማን መጣ?" አለች።

ጋሽ ዳኘ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። "ልጄ፣ እኛ እኮ የመጣነው ለአንቺው..."

"ለእናቴ ነው የመጣችሁት። ስጦታው ለእናቴ፣ ይቅርታው ከእናቴ፣ ጉልበቱ የወደቀው ለእናቴ። መጋዙ የማን ነበር?"

"የአባትሽ" አሉ ጋሽ ዳኘ።

"የአባቴ ግማሹ ነው። መጋዝ እኮ ሁለት ጫፍ አለው። በሌላው ጫፍ ማን ነበረ?"

ወይዘሮ እታለም ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"በሌላው ጫፍ የሚስበው የአባቴ ጓደኛ እጁን ሲያመው ሰው ጠፋ" አለች ገነቴ። "ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አራት ዓመት ያንን መጋዝ የሳብኩት እኔ ነኝ። ሴት ልጅ ትሰነጥቃለች እንዳይባል እንጨቱን ከቤት ኋላ አምጥተን ነበር የምንሠራው። አባቴ ይስባል፣ እኔ እስባለሁ። ሲደክመኝ ያውቃል፤ አይናገርም፣ ቀስ ይላል። ከአባቴ ጋር የተነጋገርኩት በዚያ ነው። አንተ በእጀታው ሻይ አፈላህበት።"

ነህምያ ወሬው ረጅም ሰው ነበር ብለናል። ያን ጊዜ ያገኘው አንዲት ቃል ብቻ ነው። አፉ ዙሪያ ጥቁር ነው፤ ጥርሱም ጥቁር ነው። "አልነገርሽኝም" አለ።

"አልጠየቅከኝም።"

ጋሽ ዳኘ ሊያስታርቁ አፋቸውን ሲከፍቱ ኸይረዲን እጃቸውን ያዘ። እንጨት ሻጭ ቢሆንም እንጨት አይደለም።

"እየጠየቅኩሽ ነው" አለ ነህምያ። "ቤታችን የነበረውን ዕቃሽን ሰረቅኩሽ። አሁን እጠይቅሻለሁ።"

"ዛሬ አይደለም" አለች። "ሆድህ ውስጥ ያለው ቡላ ይውረድልህ። በሚቀጥለው ሳምንት ና። ብቻህን። ሽማግሌ የለም፣ ስጦታ የለም፣ ቴክኖሎጂ የለም።" ኃይለኢየሱስን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። "አንተ ደግሞ ሌላ ጊዜ ፎርምህን ስታሠራ ሦስት ረድፍ ይብቃህ።"

ሳምንቱን ነህምያ እንዴት እንዳሳለፈው ማውራት አያስፈልግም። ሆዱን ሁለት ቀን አመመው፤ ይገባዋል። በቀጠሮው ቀን ብቻውን ሄደ፤ ከአፉ በቀር ምንም አልያዘም። እንደሄደ ወይዘሮ እታለም ደጃፍ ላይ አስቀመጡትና ገቡ። ገነቴ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ምን ተባባሉ? የሰፈሩ ኮሚቴ ለማወቅ ያልሞከረው መንገድ የለም፤ አልተሳካለትም። የሚታወቀው ይህ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ እሷ ስታወራ እሱ ዝም ብሎ ሰማ። ነህምያ! ይህ በራሱ ኤግዚቢሽን ላይ መቅረብ ያለበት ነገር ነበር።

መሳላ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገነቴ ሆሳዕና ከሚኒባስ ወረደች። ቤት አልገባችም። ሻንጣዋን እንደያዘች ቀጥታ ኸይረዲን እንጨት ቤት ጀርባ ሄደች። ነህምያ ከአንድ ደንበኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር፤ ሰውየው የገዛው ባለጥርስ የቅርንጫፍ መቁረጫ ባህር ዛፉ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣም ብሎ መልሶ አምጥቶታል። "እርጥብ እንጨት ነው ያጠፋው!" ይላል ነህምያ። "እንጨቱ አይደለም!" ይላል ሰውየው።

ገነቴ መቁረጫውን ከሰውየው እጅ ወስዳ ወደ ብርሃኑ አቅንታ በአንድ ዓይኗ በጥርሱ ላይ አየች።

"ይሄን ማን ሳለው?" አለች።

"እኔ" አለ ነህምያ።

"ይሄ መጋዝ አይደለም፤ ማበጠሪያ ነው። ጥርሱን በሙሉ ቀጥ አድርገህ ነው የተውከው። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ካላጋደለ መንገዱ ይጠብበታል፤ ይቀረቀራል እንጂ ምን ያድርግ? አሥራ ሁለት ዓመት መጋዝ ስትቆርጥ ማንም አልነገረህም?"

ሰውየው ነህምያን አየው። ነህምያ መቁረጫውን አየው። ከአጥሩ ማዶ ኸይረዲን አንገቱን አስግጎ፣ "አላህ ይወድሃል፣ ነህምያ!" ብሎ ሳቀ። "ያገባኸው ባለሙያ ነው፤ ያውም ባጅ የሌለው!"

ገነቴ ሻንጣዋን ጥግ ላይ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ሞረዱንና ትንሿን ጉጠት አነሳች። የመጀመሪያውን ጥርስ በጉጠቱ ይዛ በስሱ አጋደለችው፤ ሁለተኛውን ወደ ሌላው ጎን። ነህምያ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

"ምን ታያለህ?" አለችው ቀና ሳትል። "በዚያ በኩል ያዝልኝ እንጂ!"

ያዘላት።